ጡጦና የጉራማይሌ ልጆች

እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ በዚያ ቤት አንድም ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጡጦ ተብላ ኖራለች። ስሙን ያወጣችላት የቤቱ ልጅ ሚጣ ናት። የሰው ልጅ አፉን ሲፈታ እማ ይላል፣ አባ ይላል፤ ሚጣ ግን ዘመድ አዝማድ ለምሳ በተሰበሰበበት ቀን ጣቷን ወደ ሞግዚቷ ቀስራ «ጡጦ!» አለች። እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የሚጣ እናት እትዬ ግን አልሳቁም። ልጃቸው መጀመሪያ የጠራችው እሳቸውን አለመሆኑ እስከ ዛሬ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሯል።

ከዚያ ወዲህ ከሳሎን «ጡጦ!» ተብሎ ሲጮህ የተፈለገችው ሞግዚቷ ትሁን የወተቱ ጠርሙስ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም። መለየትም አላስፈለገ፤ ሁለቱ የሚመጡት አብረው ነው። «አቤት!» ትላለች፣ ድምፅዋ ሳይደርስ እሷ ትደርሳለች፤ ጨርቁ በግራ ትከሻዋ፣ ጡጦው በቀኝ እጇ። ሚጣ ጡጦ ተወች፣ ትምህርት ቤት ገባች፣ ተመረቀች፣ ተዳረች። ጠርሙሱ የት እንደወደቀ እንኳ አይታወቅም። ስሙ ግን ሴትዮዋ ላይ ተጣብቆ ቀረ። «አንቱ» ያላት ሰው ስለሌለ እኔም እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ነውሩ የኔ ብቻ አይደለም።

ከሚጣ በፊት በአምስት ቤት ውስጥ ስምንት ልጆች በዚያ ግራ ክንዷ ላይ አልፈዋል። የራሷ አልወለደችም። ዘጠኝ ልጅ አሳድጋለች ብሎ የሚመሰክርላትም የለም፤ ልጆቹን ያሳደጓቸው እናቶቻቸው ናቸው፣ እሷ ያበላቻቸው፣ ያጠበቻቸውና ያስተኛቻቸው ብቻ ነው። ሚጣ ካደገች በኋላ እትዬ አላሰናበቷትም። ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው፤ እሳቸውም እንዳይረሳ በየጊዜው ያነሱታል። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን ክፍል ተዉላት፣ እሷም ልብስ ማጠብና መተኮስ ያዘች። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ከበሩ ጀርባ ሦስት ምስማር አላት። የቤቱ ሰው ክፍሏን ዛሬም «የሞግዚት ክፍል» ይላታል።

አሁን ወደ ዓይኗ ልምጣ። እሷ ደብቃዋለች፤ እኔ ግን ካልተናገርኩት ነገሩ አይገባም። ከዓመት በፊት ጀምሮ በሁለቱም ዓይኖቿ መሃል ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ዙሪያውን ታያለች፣ መሃሉን አታይም። ሰው ፊቷ ሲቆም ሁለት ጆሮና የፀጉር ጫፍ ይታያታል፤ አፍንጫና አፍ የለም። የዓይን ጠብታ ገዝታ ሁለት ወር አንጠባጠበች፣ ምንም አልፈየደላትም። ከዚያ በብልሃት መኖር ጀመረች። ቁልፍ በጣቷ ትቆጥራለች፤ የካውያውን ሙቀት በውሃ ጠብታ ትሰማለች፤ መርፌ ላይ ክር መክተት ሲመጣ «ይሄ ክር ደግሞ ተንኮለኛ ነው» ብላ ለዘበኛው ታቀብላለች። ግቢ ውስጥ ሰው ሰላም ሳትል ስታልፍ «በስተርጅና ኩራት ጀመራት» ተባለች። ዕውር ከመባል ኩሩ መባል ተሻላትና ዝም አለች።

የደበቀችበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሚጣ አርግዛለች። ባሏ በሥራው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከከተማ ይወጣል። ስለዚህ ከወለደች በኋላ እናቷ ቤት ልትገባ፣ ፈቃዷ ሲያልቅም ወደ ባንክ ሥራዋ ልትመለስ ተወስኗል። ያልተወሰነው ሕፃኗን ማን ይይዛታል የሚለው ነው። እናትና ልጅ በዚህ ነገር ሁለት ወር ሲነታረኩ ከረሙ።

«ዘመኑ ሌላ ነው» ይላሉ እትዬ። «ሥልጠና የወሰደች፣ ጉልበት ያላት ወጣት እናመጣለን።»

«ልጄን ከጡጦ በቀር ማንም አይነካትም» ትላለች ሚጣ።

«እናስ ሁለቱ ሞግዚቶች የት ያድራሉ? የሞግዚት ክፍል ያለን አንድ ነው። አዲስ ከመጣች ጡጦ ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች።»

ይህ ሲባል ጡጦ የታጠፈ አንሶላ ተሸክማ በኮሪደሩ እያለፈች ነበር። ሚጣ ካሸነፈች የሚጣን ልጅ ታቅፋ ቀሪ ዕድሜዋን በዚያች ክፍል ትጨርሳለች። እትዬ ካሸነፉ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። በዚህ ዓለም ላይ ከዚያች ሕፃን ሌላ የምትጠብቀው ነገር አልነበራትም።

ድመቷ የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው።

ጉራማይሌ ሦስት ዓይነት ቀለም ያላት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ የማንም ያልሆነች አሮጊት ድመት ናት። አንድ ጠዋት ጡጦ ያልተተኮሱ አንሶላዎች የተከመሩበትን ቅርጫት ከመተኮሻ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር ስትስብ እጇ እርጥብና ሞቃት ነገር ነካ። አራት ናቸው። እናትየዋ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተዘርራለች። ልጆቹ ሆዷን በአፋቸው እየገፉ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ ይጮሃሉ፣ እንደገና ይስባሉ። ጡጦ አንዱን ጡት በሁለት ጣቷ ጨመቀችው። ደረቅ ነው። ሁሉንም በተራ ሞከረች፤ ጠብ የሚል የለም። ጉራማይሌ ዓይኗን ጨፍና ተወቻት።

«ጣያቸው» አለ ዘበኛው በሩን ተደግፎ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የግቢውን በር ሲከፍትና ሲዘጋ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ጡጦን ሲነዘንዝ የኖረ ሰው ነው። «እናትየዋም መሞቻዋ ነው። ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«አጠባቸዋለኋ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ አራስ ልትሆኚ ነው?»

«አፍህን ያዝ። እኔ ባለሁበት ቤት ሕፃን በረሃብ አልቅሶ አያውቅም።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከአራቱ ትንሿ ሞተች። ጡጦ እሷን በጨርቅ ስትጠቀልል እትዬ ሸሚዛቸውን ፍለጋ ብቅ አሉ። ልትጠይቃቸው የመጣችው ሚጣም ትልቅ ሆዷን አስቀድማ ተከተለቻቸው።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው? አንሶላዬ ላይ?»

«እማዬ፣ ተዪያት» አለች ሚጣ እየሳቀች። «ሦስቱን ካሳደገች የኔዋ አንዷ ያቅታታል?»

«እስቲ እናያለን። እነዚህን ካሳደገች እኔም አፌን እዘጋለሁ» አሉ እትዬ፤ ሸሚዛቸውን ይዘው ሄዱ።

እትዬ እንደዋዛ ነው ያሉት፣ ደረጃውን ሳይወጡም ረስተውታል። ጡጦ ግን ቃሉን እንደ ፍርድ ያዘችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቅርጫቱ ውስጥ የሚጮኹት የድመት ግልገሎች ብቻ አልነበሩም፤ ክፍሏና የሚጣ ልጅ ነበሩ።

የመጀመሪያዋን ያጠባቻት በምታውቀው መንገድ ነው። ያን ለዓይኗ ያልፈየደውን ጠብታ ደፍታ ማንጠባጠቢያውን በፈላ ውሃ ቀቀለችው። የላም ወተት አሞቀች፤ የእጅ አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ለካች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነጯን ግልገል ግራ ክንዷ ላይ በጀርባዋ አንጋለለቻት፤ ራሷ ክርኗ መታጠፊያ ላይ፣ ሆዷ ወደ ላይ። ዘጠኙም ልጆች የጠቡት እንደዚያ ነው። ግልገሏ በአራት እግሯ አየሩን ቧጠጠች። ጡጦ ደስታ መሰላት፤ ሕፃናትም ወተት ሲሸታቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«አይዞሽ የኔ እናት። አለሁልሽ።»

ግልገሏ ዋጠች፣ አነጠሰች፣ ደግማ ዋጠች። ትንሽ ቆይቶ ከደረቷ ውስጥ ወረቀት ሲጨማደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ይወጣ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ጡጦ ስትነካት ቀዝቅዛ ነበር። ድመት አሳድጎም ሕፃን ይዞም የማያውቅ ሰው ቢሆን ምናልባት ጉልበቱ ላይ እንዳገኘ አስቀምጧት ትተርፍ ነበር። የገደላት ያ ዘጠኝ ልጅ ያሳደገ ክንድ ነው።

ይህን በማግሥቱ የነገረቻት የእንስሳት ክሊኒኳ ሐኪም ናት። ጡጦ የተረፉትን ሁለቱን፣ ጥቁሯንና ግራጫዋን፣ በሹራብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ሄደች። ሐኪሟ የልጅ ልጅ የምታክላት ወጣት ናት።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት የሚያጠቧቸው?»

ጡጦ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ ፈለገች። ማንም የለም። አንቱ የተባለችው እሷ ራሷ ናት።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች፤ የነጯንም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻት።

«አይ እማማ! እነሱ እኮ ልጅ አይደሉም። ድመት የምትጠባው በሆዷ ተኝታ ነው። በጀርባዋ ካንጋለሏት ወተቱ ሳንባዋ ይገባል።» ሐኪሟ ጥቁሯን ፎጣ ላይ በደረቷ አስተኛች፤ የጡጦን እጅ ይዛም አገጯን ቀና እንዴት እንደምታደርግ አሳየቻት። «ሲቀዘቅዛቸው እንዳያጠቧቸው፣ መጀመሪያ ያሙቋቸው። የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይፈጭም። የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ ይህን የእነሱን የዱቄት ወተት ይበጥብጡላቸው። ሲጨርሱ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ከሥር ከሥር ያባብሷቸው፣ አለዚያ አይሸኑም። እናታቸው በምላሷ የምታደርገው ነው።»

«እሺ።»

«ይህ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ይበቃቸዋል። ዋናው ነገር ግን አፍንጫቸውን ማየት ነው። ወተት በአፍንጫቸው ብቅ ካለ ወዲያው አቁመው ራሳቸውን ዘቅዘቅ ያድርጉ። መስመሩ ይታይዎታል አይደል?»

«ይታየኛል» አለች ጡጦ። አንቱ ካለቻት ሰው ፊት መዋሸቷ ከወትሮው ይልቅ ከበዳት።

መስመሩን ግን ተወጣችው። ቤት ስትደርስ ለዘበኛው ሲሪንጁን ሰጥታ «ቁጥሩ ጠፍቷል፣ ሦስት የቱ ጋ ነው?» አለችው። እሱም እያጉረመረመ አሳያት። የሚሳበው ዘንግ ላይ፣ ልክ በዚያ ቦታ፣ ቀይ ክር አስራ ቋጠረች። ከዚያ በኋላ ቋጠሮው ከሲሪንጁ የኋላ አፍ ብቅ እስኪልና በጥፍሯ እስኪሰማት ትስባለች፣ ከዚያም ታቆማለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ሙቅ ውሃ የሞላችውን ላስቲክ በአሮጌ ካልሲ ሸፍና ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠች። በየሦስት ሰዓቱ ቀንም ሌትም አጠባች፣ አባበሰች፣ ጨርቅ ቀየረች። ክብደታቸውን በመዳፏ ትመዝናለች፤ ሁለት እንቁላል ያክሉ የነበሩት ሦስት እንቁላል አከሉ። ጉራማይሌም ትንሽ ነፍስ ዘራችና ትልሳቸው ጀመር። ወተት ባይኖራትም ምላስ አላት።

«ኧረ ወፈሩ!» አለ ዘበኛው። «አንቺ፣ እጅሽ ምን አለው?»

«እጄማ ምንም አልሆነም» አለች። እውነቷን ነው፤ እጇ ምንም አልሆነም።

ሚጣ ሦስት ሳምንት ቀድማ ወለደች። እንደተባለው ሴት ናት። ጡጦን ሆስፒታል የወሰዳት ሰው የለም፤ «ቤቱ ባዶ እንዳይሆን» ተባለ። በሦስተኛው ቀን የመተኮሻ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ጡጦ ስታነሳው የሚጣ ለቅሶ ተቀበላት።

«ጡቴ ደረቅ ነው። ነርሶቹ ያሹታል፣ ይጨምቁታል፣ አንድ ጠብታ የለም። ልጄ ትስብና ትስብና ታለቅሳለች። ምን ዓይነት እናት ነኝ እኔ?»

ጡጦ እግሯ ሥር ያለውን ቅርጫት በዓይኗ ጠርዝ አየች። ጉራማይሌ ልጆቿን እየላሰች ነው።

«ዝም በይ!» አለቻት። «እናትነት በጡት ከሆነ እኔ ላንቺ ምንሽ ነበርኩ?»

በስልኩ ውስጥ ሚጣ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። «እናቴ» አለች ቀስ ብላ። «ብቻ ስመጣ አንቺ ያዢልኝ። አንቺ ካለሽ አልፈራም።»

ጡጦ ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ከተወለደች ጀምሮ ማንም እናቴ ብሏት አያውቅም። በዚያ ቀን ሰባት ሸሚዝ ተኮሰች፣ አንድም ሽብሽብ አልተወችም።

ግልገሎቹ በዘጠነኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። ይህንን የነገራት ዘበኛው ነው። «አየሽ? ሰማያዊ ነው እኮ!» አለ። «አየሁ» አለች። ለእሷ ሁለቱም ፊታቸው ጭስ ነው።

ግራጫዋ የሞተችው በአሥረኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት ሞልቶ ሲገባ ነው። ስለዚህ በጨለማ ማመካኘት አይቻልም። ጡጦ ሁሉንም እንደተባለችው አደረገች። አሞቀቻት፣ ፎጣ ላይ በሆዷ አስተኛቻት፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ክሩ ድረስ ሳበች። ግራጫዋ ርቧት ነበርና ተስገብግባ ሳበች። የጡጦ እጅ አንጓ ላይ ሙቅ ነገር ፈሰሰ። ከአፏ የተረፈ መሰላት። ግልገሏ ሳል የመሰለ ትንሽ ድምፅ አሰማች፤ ጡጦ ቆም አለች፣ ጠበቀች፣ ቀሪውን ደግሞ ቀስ አድርጋ ገፋች። እርጥበቱ ጨመረ። ከዚያ በእጇ ውስጥ ያለው ነገር ላላ።

በጣቷ ጫፍ ፊቷን ዳሰሰች። አፏ ደረቅ ነው። ወተቱ ያለው በአፍንጫዋ ነው፤ በሁለቱም ቀዳዳ፣ ገና ትኩስ። ዘቀዘቀቻት፣ ጠረገቻት፣ ጀርባዋን አሸች፣ እፍ አለችባት። የሆነ አልነበረም። አጠገቧ ማየት የሚችል ማንም ሰው ቢቀመጥ፣ ያ ተላላ ዘበኛ እንኳ ቢሆን፣ «ኧረ በአፍንጫዋ እየወጣ ነው!» ብሎ ይጮህ ነበር። ነጯን ባለማወቅ ነው የገደለቻት፤ አለማወቅ ይታረማል፣ ታርሟልም። ግራጫዋን የገደለቻት እያወቀች፣ ሁሉን በትክክል እየሠራች ነው። ይህን ያወቀችው እሷ ብቻ ነች።

ለዘበኛው «አሟት ነበር» አለችው። ከግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፈረላት። አንጀቱን በላችው መሰለኝ፣ ያን ቀን አልቀለደባትም።

«ተዪ እንግዲህ» አለ አካፋውን እየጠረገ። «ድመት ሆና ነው እንጂ ሕፃን ብትሆን አንቺ እጅ ላይ ትሞት ነበር?»

ይህን ያላት ሊያጽናናት ነው። እሷ ግን ክፍሏ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ይባስ ብሎ ማምሻውን እትዬ መጡ፤ ከወትሮው ለስላሳ ነበሩ። «ከአራት አንዷ ተርፋለች አይደል፣ ይበቃል። ልጄ አልቅሳ ልትሞት ነው፤ ጡጦ ካልያዘች ብላ። ነገ ስለሚገቡ ክፍሉን አዘጋጂ። ትንሿን አልጋ እዚህ እናስገባለን። አፌን ዘግቻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።»

ያን ሁሉ ወራት የተመኘችው ነገር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ተሰጣት። ወለሉን ወለወለች፣ መጋረጃ ቀየረች፣ እየሠራችም ከራሷ ጋር ስትሟገት አመሸች። ሰው ድመት አይደለም። ሕፃን ሲያንቀው ያለቅሳል፣ ይፈራገጣል፣ ይሰማል። ዘጠኝ ልጅ ይዣለሁ፣ አንድም አልታነቀብኝም። እዚህ ላይ ስትደርስ ክርክሯ ይቆምባታል። ያኔ ታይ ነበር።

ሚጣ በማግሥቱ ጠዋት ሕፃኗን ታቅፋ በቀጥታ ወደ ጓሮው ክፍል መጣች፤ ዋናው ቤት እንኳ አልገባችም። ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ አልተበጠረም። ጡጦን ሳመቻትና ወንበሩ ላይ ቁጭ አደረገቻት። ከዚያ ሕፃኗን ግራ ክንዷ ላይ አኖረችላት፣ በቀኝ እጇም የሞቀ ጡጦ አስያዘቻት።

ክንዷ ቦታውን አልረሳም። የሕፃኗ ራስ ክርኗ መታጠፊያ ላይ ገባ፤ ስታለቅስ የነበረችው ዝም አለች። ጡጦ ጎንበስ ብላ አሸተተቻት። ሚጣ በዚያ ዕድሜዋ የሸተተችውን ሸተተች። እንባዋ መጣ፤ የደስታ ነበር፣ ለአንድ አፍታ ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋላት።

«እዪያትማ» አለች ሚጣ ጉልበቷ ሥር ተንበርክካ። «ሁሉም የየራሱን ይላል። እማዬ ‹ቁርጥ እኔን ናት› ትላለች፣ ባሌ ‹ቁርጥ እናቴን ናት› ይላል። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ። ማንን ትመስላለች?»

ጡጦ አየች። አንድ ጆሮ አለ፣ የብርድ ልብሱ ጠርዝ አለ፣ መሃሉ ጭስ ነው። ራሷን ወደ ጎን ብታዘነብል ጉንጭ ብቅ አለና አፉ ጠፋ። መልሱ ቀላል ነበር። «አንቺን» ቢባል ማን ይጣላል? አራስ ሁሉ የሚጠብቀው መልስ ነው። «አንቺን» ልትል አፏን ከፈተች። ቀኝ እጇ ላይ ግን ጡጦው ሞቋታል፣ ልክ የግራጫዋ ወተት አንጓዋ ላይ እንደሞቃት።

«አላውቅም» አለች።

«እንዴት አላውቅም?»

«አይታየኝም፣ ሚጣዬ።»

ሚጣ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። ጡጦ ግን ጡጦውን መስኮቱ ደፍ ላይ በዳሰሳ አስቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት፤ ጭሱን፣ ጠብታውን፣ ክሩን። «የመጀመሪያዋን በጀርባዋ አንጋልዬ ነው የገደልኳት፣ ይሄን ሰምተሻል። የትናንቷን ግን ልክ እንደታዘዝኩት አድርጌ ነው። ወተቱ በአፍንጫዋ ሲወርድ እጄ ላይ ፈሰሰ። አላየሁም። ሞታ ነው ያወቅሁት። አሟት ነው ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከዚህ በኋላ የሆነው የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ሚጣ ልጇን ከክንዷ ላይ ወሰደች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሚጣ ክፋት አታውቅም። አስባበትም አይደለም። እጇ ከልቧ ቀድሞ ሄደና ሕፃኗን ነጥቆ ደረቷ ላይ ለጠፋት። ከዚያ ያደረገችውን አወቀችና ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«ጡጦ፣ እኔ እኮ...»

«ልክ ነሽ» አለች ጡጦ። «እኔም አንቺን እንዲህ ነበር የምነጥቅሽ፣ ውሻ ሲመጣ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ሕፃኗም በረሃብ ተቀላቀለቻቸው። ጡጦ ጡጦውን ከመስኮቱ ደፍ አንስታ ለሚጣ ዘረጋችላት። «አልጋው ላይ ተቀመጪ። ራሷን ቀና አድርጊ። ጡጦውን ከፍ፤ አየር እየዋጠች ነው፣ ይሰማኛል። እንደሱ። አሁን ልክ ነው።» ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የሕፃኗን አዋዋጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ያቺን ልጅ ስትመግብ ያደረገችው ሁሉ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በደግነት አለቀ፤ በደግነት የሚያልቅ ነገር ደግሞ አይከራከሩትም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፣ ቀደም ብላ መምጣት ነበረባት ተባለ። እትዬ አልተቆጡም፤ ትንሽ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሚጣ «ትቆይ» አለች፣ ደግማም አለች፤ በሦስተኛው አላለችም። የወንድሟ ልጅ ልትወስዳት ተስማማች። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያናግራት ጀመር። ከሁሉ የከፋው ዘበኛው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «አንቺ ሴትዮ» ሲላት ኖሮ የዓይኗን ነገር ከሰማ ወዲህ አንቱ አላት። «ቀስ ይበሉ፣ ባልዲ አለ» ይላታል። ያን ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ አንቱ መባል ደስ ብሏት ነበር። አሁን አንጀቷን አሳረራት።

አዲሷ ሞግዚት የመጣች ለት ጡጦ ክፍሏን አስረክባ ወጣች። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ እጇም ሞቃት ነው፣ ጡጦ ጨብጣ አረጋግጣለች። ሦስቱ ምስማሮች ላይ የአዲሷ ልብስ ተሰቅሏል። ጥቁሯ ግልገል ዘንቢል ውስጥ በሹራብ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች፤ ወፍራለች፣ በራሷ መላስ ጀምራለች። ጉራማይሌ አገግማ ግንብ ላይ ተኝታለች፣ ልጇ ትሂድ ትቅር ደንታ አልሰጣትም። የወንድሟ ልጅ ሻንጣውን ይዛ ከበሩ ውጭ ትጠብቃለች። ሚጣ ጠዋት ተሰናብታት፣ አልቅሳ፣ ሕፃኗ ጋ ተመልሳለች።

ጡጦ በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች በሩ ዘንድ ደረሰች። ዘበኛው መቀርቀሪያውን ሳበ። በዚህ መሃል ከላይ፣ ከመኝታ ክፍሉ መስኮት፣ የሕፃን ለቅሶ መጣ፤ ተከትሎም የሚጣ ድምፅ፣ በጥድፊያ፣ እንደ ድሮው ሙሉ ጉሮሮዋን ከፍታ፦

«ጡጦ!»

«አቤት!» አለች። ዘንቢሉን አስቀመጠች፣ ዞረች፣ ግድግዳውን ለቃ ሁለት እርምጃ ወደ ቤቱ ሮጠች።

«እያሞቅኩት ነው፣ መጣሁ!» አለች አዲሷ ሞግዚት ከወጥ ቤት።